በቢዝሊ ያሸነፈው ጠብመንጃ

የካናዳ ሚሊሻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የታጠቀው የሮስ ጠብመንጃ በዒላማ ሜዳ ላይ ከእንግሊዙ ሊ-ኤንፊልድ ይበልጥ እንደነበር የሚክድ የለም። ይህንኑ ጠብመንጃ በ1915 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤልጂየም ምሽግ ውስጥ ወታደሮቹ እየወረወሩ፣ ከወደቁ እንግሊዞች አጠገብ ሊ-ኤንፊልድ ይለቅሙ ነበር። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የአንድ ግትር ሚኒስትርና የአንድ ብልጣብልጥ ፈልሳፊ ጥፋት ሆኖ ነው። ሁለቱም ከጥፋት ነጻ አይደሉም። እኔ ግን ሥሩ ከሁለቱም የቀደመ ይመስለኛል። የቅኝ ግዛት ወዶ ዘማቾችን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያሠለጥንና ሲሸልም የኖረው የዒላማ ውድድር፣ ተኳሽ ከማፍራት አልፎ ለጦር የሚሆነው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ዳኛ ሲደረግ አገር አሳሳተ።

ውድድሩ የተወለደው ከስጋት ነው። በ1859 እንግሊዞች የሦስተኛው ናፖሊዮን ጦር ባሕሩን ተሻግሮ ይመጣብናል ብለው ሰጉ፤ ጸሐፊው፣ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው በየከተማው ተመዝግቦ ወዶ ዘማች ሆነ። ለእነዚህ ሰዎች ተኩስ የሚያስተምርና ፍላጎታቸው እንዳይበርድ የሚያደርግ ነገር ያስፈልግ ስለነበር ብሔራዊ የጠብመንጃ ማኅበር ተቋቋመ። ሐምሌ 2 ቀን 1860 ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያው ውድድር ሲከፈት የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ተኮሱ ይባል እንጂ የዊትዎርዝ ጠብመንጃው አስቀድሞ በብረት ማስደገፊያ ላይ ታስሮ፣ 400 ያርድ ርቆ በቆመው ዒላማ ላይ ተነጣጥሮ ነበር። የንግሥቲቱ ድርሻ ከቃታው ጋር የተያያዘውን የሐር ገመድ መሳብ ብቻ ነበር። ጥይቷም መሐሉን መታች። ነገሩን ሁሉ አስተካክሎ፣ ነፋሱን ገምቶ፣ በመጨረሻ ቃታ መሳብ፤ ሙያው ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚህ መልክ ተቀረጸ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅኝ ግዛቶቹ ልማዱን ፈጥነው ተቀበሉት። ካናዳ ምክንያት ነበራት፤ በ1866 ፊንያን የሚባሉት የአየርላንድ ታጣቂዎች ከአሜሪካ ተነሥተው ድንበሯን ጥሰው ነበር፤ በ1871 ደግሞ የእንግሊዝ መደበኛ ጦር ከሃሊፋክስ በቀር አገሪቱን ለቆ ወጣ። የካናዳ የጠብመንጃ ማኅበር በ1868 ተመሠረተ፤ ሚሊሻው ያነገበውም በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር እሮጌ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ የተኮሰበትን ሰናድር ነበር። ማኅበሩ በየዓመቱ ምርጦቹን በመርከብ ወደ ዊምብልደን፣ ውድድሩ በ1890 ቦታ ከቀየረ በኋላም ወደ ቢዝሊ ይልክ ጀመር። የሕንዱ የኮልሃፑር ራጃ የሰጡት ዋንጫ የቅኝ ግዛት ቡድኖችን ከእናት አገር ቡድን ጋር ያፋልም ስለነበር፣ ማሸነፍ የተኩስ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። «እኛም ሰው ነን» ማለት ነበር። በ1895 ሄይኸርስት የተባለ ተራ ወታደር ከካናዳ ሄዶ የንግሥቲቱን ሽልማት ሲወስድ፣ ከቅኝ ግዛት ተነሥቶ ያንን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ክብር የቀመሰ አገር የክብሩን መሣሪያ ለማክበር ቢቸኩል አይደንቅም።

ሰር ቻርልስ ሮስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ባላባት ጠብመንጃውን ይዞ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተካሄደው የቦር ጦርነት ጊዜ ካናዳ ከእንግሊዝ ሊ-ኤንፊልድ በሚበቃ መጠን ማግኘት አልቻለችም፤ የራሷን ጠብመንጃ በራሷ አፈር ላይ የመሥራት ምኞቷ እውነተኛና ተገቢ ነበር። የሊ-ኤንፊልድ መቀባበያ ይነሣል፣ ይሳባል፣ ይገፋል፣ ይጣላል። የሮስ ግን መሳብና መግፋት ብቻ ነበር፤ የተኳሽን ልብ የሚማርክ ነው። በ1901 የመረመረው ኮሚቴ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ሳም ሂዩዝ ነበር፤ የሚሊሻ መኮንን፣ የምክር ቤት አባል፣ የዒላማ ተኩስም አፍቃሪ። ጠብመንጃው በተከታታይ ተኩስ ፈተና ችግር ቢያሳይም ኮሚቴው ይሁን አለ። በ1903 ለ12,000 ጠብመንጃ ውል ተፈረመ፤ ፋብሪካው ኩቤክ ከተማ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሮስ በተሻሻለ ቁጥር ማሻሻያው ወደ ዒላማ ሜዳው ያዘነበለ ሆነ። አፈሙዙ ረዘመ፣ የጥይት ማረፊያው ጠበበ፣ ማነጣጠሪያው ረቀቀ። ሦስተኛው ሞዴል 1.28 ሜትር ደረሰ፤ ከአጭሩ ሊ-ኤንፊልድ በ15 ሳንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። በ1911 ክሊፎርድ፣ በ1913 ሆኪንስ የተባሉ ካናዳውያን በዚሁ ጠብመንጃ የቢዝሊን ትልቁን የንጉሡን ሽልማት ወሰዱ። በ1911 የሚሊሻ ሚኒስትር ለሆነው ለሂዩዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ማስረጃው ግን የምን ማስረጃ ነው? ቢዝሊ ላይ ተኳሹ ሣር ላይ በደረቱ ይተኛል። የነፋሱን አቅጣጫ የሚነግሩ ባንዲራዎች በሜዳው ዳር ይውለበለባሉ። ጠብመንጃውን ማታ ወልውሎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አሳድሮታል፤ ጥይቱ ንጹሕና ልኩ አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ተኩሶ ውጤቱ እስኪታይለት ይጠብቃል፣ ማነጣጠሪያውን ፀጉር ታህል ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይተኩሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጭቃ የለም፣ ችኮላ የለም፣ ሌላ ፋብሪካ በጥድፊያ ያመረተው ጥይት የለም። ሚያዝያ 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ፣ የክሎሪኑ ጋዝ በወረደበት ሰሞን፣ ሦስቱም በአንድ ላይ መጡ። የእንግሊዝ ጥይት ከካናዳው ትንሽ ይወፍር ስለነበር በሮስ ጠባብ ማረፊያ ውስጥ ተቀረቀረ። ጥቂት ተኩሶ ብረቱ ሲግል ቀለሁ አልወጣ አለ። መቀባበያው በኃይል በተሳበ ቁጥር ደግሞ ጥርሱ ከማቆሚያው ብረት ጋር እየተጋጨ ቅርጹን ያጣል። ወታደሩ ጠብመንጃውን መሬት ላይ አቁሞ መቀባበያውን በጫማው ይረግጣል፤ በምሽግ መቆፈሪያ እጀታ ይቀጠቅጣል፤ ጀርመኖቹ ይህን ጊዜ እየቀረቡ ነው። ከዚያ ውጊያ ከተረፉት 5,000 ገደማ ካናዳውያን ከ1,400 በላይ የሚሆኑት ሮሳቸውን ጥለው ሊ-ኤንፊልድ ይዘው ተገኙ።

«ጥፋቱ የጥይቱ እንጂ የጠብመንጃው አይደለም፤ የውድድሩማ ጨርሶ አይደለም» የሚል ሰው በዘመኑም ነበር፣ ዛሬም አይጠፋም። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ማረፊያው ከሰፋ በኋላ ሮስ በመጠኑ ተሻሽሏል። ነገር ግን የጦር ጠብመንጃ ያገኘውን ጥይት መጉረስ አለበት። ይህን ፈተና የማይፈትን ውድድር የቱንም ያህል ቢደጋገም ጉድለቱን አያሳይም፤ እንዲያውም ይሸልመዋል፤ ነጥብ ያስገኘው ያው ጥበቱ ነውና። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። አልሞ ተኳሾች ሮስን እስከ መጨረሻው አልለቀቁትም። የኦጂብዌ ተወላጁ ፍራንሲስ ፔጋማጋቦ 378 ጠላት እንደገደለ የሚነገርለት በዚህ ጠብመንጃ ነው። ታዲያ ውድድሩ ትክክል አልነበረምን? ለእርሱ ዓይነት ሥራ ትክክል ነበር። አልሞ ተኳሽ ጥይቱን ይመርጣል፣ መሣሪያውን ይጠብቃል፣ ጊዜውን ይወስናል፤ ቢዝሊን ወደ ጦር ሜዳ ይዞት ይሄዳል። ከጎኑ ላለው፣ የሚገሰግስ ሰልፍ ፊቱ ለመጣበት እግረኛ ግን ይህ ሁሉ የለም። ሚኒስትሩ ለጥቂቶች የሚሆነውን ለሁሉም አስታጠቀ።

እንግሊዞች ራሳቸው ከዚህ ስሕተት ያመለጡት ለጥቂት ነው። አጭሩ ሊ-ኤንፊልድ ሲወጣ የዒላማ ተኳሾቻቸው አጥብቀው ነቀፉት። መንግሥትም በ1913 በረጅም ርቀት ይበልጥ በሚያነጣጥር ሌላ ጠብመንጃ ሊተካው እየተዘጋጀ ሳለ ጦርነቱ ቀደመው። መደበኛው ጦር ግን የሚለካውን ነገር አስቀድሞ ለውጦ ነበር። ከቦር ጦርነት ትምህርት የወሰዱት የሃይዝ የተኩስ ትምህርት ቤት መኮንኖች እያንዳንዱ ወታደር በ300 ያርድ ርቀት ላይ በአንድ ደቂቃ 15 ጥይት እንዲተኩስ መጠየቅ ጀመሩ። በዚህ ልክ ሮስና ሊ-ኤንፊልድ ጎን ለጎን በጭቃ ቢፈተኑ ኖሮ ካናዳ ውስጥም ክርክሩ ባጭር ይቀር ነበር። ያ ፈተና የተደረገው ግን በሰው ሕይወት ነው። የመጀመሪያው የካናዳ ክፍለ ጦር በ1915 በጋ ሮስን አስረከበ፤ የቀሩት እስከ 1916 ድረስ ተሸክመውት ቆዩ። ጠብመንጃውን አጥብቀው የተቃወሙት፣ ግንባር ላይ የነበረው የካናዳ ጦር አዛዥ ጄኔራል ኦልደርሰን በዚያው ዓመት ከአዛዥነታቸው ተነሡ፤ ሂዩዝም በኅዳር ሥልጣኑን አጣ። ሰር ቻርልስ ሮስ ግን መንግሥት ለወረሰበት ፋብሪካ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተከፈለው።