ከፋፋ ወዲህ፦ የሕፃናት ክብደት ታሪክ ከጉለሌ ሲታይ

በጉለሌ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን የወረሰው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። በ1962 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ በ1995 ደግሞ ከሌሎች የምርምር ተቋማት ጋር ተዋሕዶ፣ ዛሬ በዚሁ ሰፈር የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አካል ነው። ብዙዎቻችን ያደግንበትን ፋፋን ያበረከተልን ይኸው ክፍል ነበር። የተነሣበት ጠላት ክሳት ነበር፤ መሣሪያዎቻችንም እስከ ዛሬ የተቃኙት ለዚያው ጠላት ነው። የሕፃናት ክንድ የሚለካበትን ባለ ቀለም ሜትር እንመልከት፦ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ግን ወደ ላይ ወሰን የለውም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለው ሕፃንም በዚህ መለኪያ «ደኅና» ተብሎ ያልፋል።

ይህን ማስተካከል ያልተቻኮልንበት ምክንያት የሚገባ ነው። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የ1984ቱን ረሃብ ያየ ወላጅም ወፈር ያለ ልጁን «ደልቶታል» ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባሳተማቸው ጥናቶች፣ ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሰዎች ኋላ ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ሲወለድ ከስቶ ኋላ በፍጥነት የወፈረ ልጅ ደግሞ አደጋው ይብስበታል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ ማለት ነው።

የእንቅስቃሴ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ጄሪ ሞሪስ በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን ሲያጠና፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ያነሰ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን በ1956 የተከተለው ጥናት ነው፤ ከደንብ ልብሳቸው ልክ እንደታወቀው የሾፌሮቹ ወገብ ገና በወጣትነታቸውም ሰፋ ያለ ነበር። የልዩነቱ ከፊል ከሥራው የቀደመ ነበር ማለት ነው።

የእንጦጦ ግርጌ ልጆች ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ይማሩ ነበር። ዘመኑን ማሞገሴ አይደለም፤ ከጫካው ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ በሽሮ ሜዳም ከሸማ ዕቃው ሥር ቁጭ ብለው የሚውሉ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ የደላው ልጅ በሰርቪስ ተጭኖ ይሄዳል፤ ሜዳው ታጥሯል፤ ወላጅም መኪናን ፈርቶ በሩን ይዘጋል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ «ልጅዎን ያሯሩጡ» ብለን ብቻ ብናሰናብተው ምክራችን ከክሊኒኩ በር አያልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት የመከረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው፤ ጊዜው ግን ተከፋፍሎ ሊሟላ ይችላል። ሰርቪሱ ከዳገቱ በታች ቢያወርደውና የቀረውን መንገድ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ቢወጣ፣ ለሁለቱም ይቈጠርላቸዋል።