ኤፒኤል፣ ፊደላችን እና የኪቦርድ ጣጣ

ድሬዳዋ ውስጥ ኪቦርድ ፊት የተቀመጠ ሰው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲጽፍ አይቸገርም፤ ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። አማርኛ ላይ ሲደርስ ነው መላ መፈለግ የሚጀምረው። ወይ ፊደል የሚያስጽፍ ሶፍትዌር መጫን አለበት፣ ወይ እንደኛ ስንፍና ሲይዘው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ይልከዋል።

ሰሞኑን ኤፒኤል የተባለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልንማር ስንነሳ ይኸው ጣጣ ተከትሎን መጣ። ኤፒኤል ሙሉ የቁጥር ሰንጠረዥ በአንድ ትእዛዝ ያሰላል፤ ምልክቶቹ ግን ኪቦርድ ላይ የሉም። ስለዚህ ‘በየትኛው ኤዲተር እንጻፍ?’ የሚለው ጥያቄ ከቋንቋው ቀድሞ ይመጣል።

ኬኔት አይቨርሰን ምልክቶቹን እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፍ ሲያወጣቸው የወረቀት ነገር ነበሩ። በ1966 አይቢኤም ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ መጻፊያው በሴሌክትሪክ ታይፕራይተር ላይ የተመሠረተ ነበር። ፊደሎቹ የተቀረጹት በአንዲት ተነቃይ ኳስ ላይ ነው፤ ኳሷን ነቅሎ የኤፒኤልን መሰካት፣ አለቀ! በ1990 ግን አይቨርሰን ራሱ ከሮጀር ሁዊ ጋር ‘ጄ’ን ሲፈጥር በተራው ኪቦርድ ምልክቶች ብቻ አደረገው። ለኛ ይሄ አማርኛን በላቲን እንደመጻፍ ነው (የጄ ወዳጆች ይቅር ይበሉን)። ይሠራል፣ ዓይን ግን ያደክማል።

የኛ ፊደል እጅ አልሰጠም፤ ዋጋ ግን ከፍሏል። ሶፍትዌሩ ሁሉ የየራሱ ኮድ ስለነበረው አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይከፈት ነበር። ከዚራ አንድ ኢንተርኔት ቤት የመመረቂያ ጽሑፉ እንዲህ ሆኖበት እንደገና ሲተይብ ያመሸ ጓደኛ አለን። ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ሲወጣ እያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር አገኘ፦ ‘ሀ’ 4608፣ ‘ለ’ 4616፣ ‘መ’ 4632። ለአንድ ቤት 8 ቦታ ነው። በ‘መ’ ላይ 6 ሲደመር 4638፣ ማለትም ‘ሞ’ ይመጣል። የፊደል ገበታችን ለካ የኤፒኤል ሰንጠረዥ ኖሯል!

ለጀማሪ ‘ራይድ’ የተባለው ኤዲተር ይቀላል፤ ምልክቶቹን ከላይ ደርድሮ በማውስ ያስነካል። እኛ ግን ኢማክስን መረጥን። ዩኒኮድ ፊደላችንን ከማካተቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1997 በወጣው 20ኛ እትሙ፣ የግዕዝ ፊደል ማስጻፊያ ነበረው። ለኤፒኤልም ተጨማሪ አለው፤ ‘መ’ እና የኤፒኤል ምልክት አንድ ፋይል ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አቋራጭ ቁልፎቹ ግን አበሳ ናቸው፤ ከመካከላችን እስካሁን ከኢማክስ መውጫው የጠፋበት አለ።