የጥፋት ውኃ ትረካዎች በጥንታውያን ሕዝቦች ዘንድ፤ ምሳሌያዊ ትርጉማቸውና በክፍል ውስጥ የሚቀርቡበት ዘዴ

መግቢያ

የሰው ልጅ ጽሑፍን ካወቀበት ዘመን ጀምሮ በሸክላም ሆነ በብራና ላይ ካሰፈራቸው ታላላቅ ጥያቄዎች መካከል፣ «ዓለም እንዴት ተፈጠረች?» እና «ሰው ከጥፋት እንዴት ተረፈ?» የሚሉት ይገኙባቸዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲነሡ መምህሩን ከአስቸጋሪ ሁኔታ ላይ ሊጥሉት ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጀማሪ መምህር በነበረበት ወቅት ስለ ባቢሎን ሥልጣኔ በማስተማር ላይ ሳለ፣ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «ታዲያ የኖኅ ታሪክ ከባቢሎናውያን የተቀዳ ነው ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችው። እርሱም በቂ ዝግጅት ስላልነበረው፣ «ሁሉም የጥንት ሰዎች ተረት ነው» ብሎ አለፈ። ተማሪዋ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም።

ያ መልስ በሁለት በኩል የተሳሳተ ነበር። የተማሪዋን እምነት ያለ አግባብ ነክቷል፤ የታሪክን ጥናትም በአንድ ቃል ዘግቷል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው የተሻለ መልስ ለመፈለግ ይሞክራል። መነሻ ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ ትረካዎቹ የሚመሳሰሉት በምልክቶቻቸው ሲሆን፣ የሚለያዩት ደግሞ ምልክቶቹ በተሸከሙት ትርጉም ነው፤ ለተማሪው የሚበጀው ትምህርትም በዋናነት የሚገኘው ከልዩነቱ ነው።

የነነዌ ጽላቶች

በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው የአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ያሰባሰበው ቤተ መጻሕፍት በቁፋሮ ተገኘ። ሽብልቅ በሚመስል ፊደል የተጻፉት የሸክላ ጽላቶች ወደ ለንደን ተወስደው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። እዚያም ጆርጅ ስሚዝ የተባለ፣ ትምህርቱን ገና በ14 ዓመቱ አቋርጦ የገንዘብ ኖት ቅርጽ የማውጣት ሙያ የተማረ ሰው፣ በግል ጥረቱ ፊደሉን ማንበብ ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ጥፋት ውኃ የሚናገር ጽላት አግኝቶ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ይዘቱን ለጉባኤ ገለጠ።

ጽላቱ የጊልጋሜሽ ታሪክ 11ኛ ክፍል ነበር። በዚህ ትረካ ኡትናፒሽቲም የተባለ ሰው፣ ኤአ የተባለው አምላክ በሸምበቆ ግድግዳ በኩል በሰጠው ምክር መርከብ ሠርቶ በቅጥራን ይለስናል፤ ቤተሰቡን፣ የእጅ ባለሙያዎችንና እንስሳትንም አስገብቶ ይድናል። ውኃው ጸጥ ካለ በኋላ በመጀመሪያ ርግብ፣ ቀጥሎ ሌላ ትንሽ ወፍ፣ በመጨረሻም ቁራ ይልካል፤ ከመርከቡ ሲወጣም መሥዋዕት ያቀርባል። በኦሪት ዘፍጥረትም ኖኅ ቁራንና ርግብን ይልካል፤ ሲወጣም መሠዊያ ይሠራል። የሁለቱ ትረካዎች ዝምድና ግልጥ ነው። የባቢሎናውያኑ ትረካ ከዚህም የቀደመ መልክ አለው፤ አትራሐሲስ የተባለው ታሪክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ምዕተ ዓመት በተገለበጠ ጽላት ላይ ይገኛል።

አንድ ምልክት፣ ልዩ ልዩ ትርጉም

ይሁን እንጂ ዝምድና ማለት አንድነት ማለት አይደለም። በመጀመሪያ የጭቃን ምልክት እንመልከት። በአትራሐሲስ ታሪክ ታናናሾቹ አማልክት ቦይ መቆፈር ሰልችቷቸው ያምፃሉ፤ ሰውም ጭቃ ከታረደ አምላክ ሥጋና ደም ጋር ተለውሶ የተሠራው ይህን የጉልበት ሥራ እንዲሸከምላቸው ነው። በዘፍጥረትም ሰው ከምድር አፈር ተበጅቷል፤ ሆኖም የሕይወት እስትንፋስ የተሰጠው፣ በፈጣሪው መልክ የተሠራና ምድርን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የተሾመ ነው። አፈሩ አንድ ሲሆን፣ የሰው ክብር ግን በእጅጉ የተለያየ ነው።

ሁለተኛው የጥፋቱ ምክንያት ነው። በአትራሐሲስ ታሪክ የሰው ዘር በዝቶ በጩኸቱ ኤንሊል የተባለውን አምላክ እንቅልፍ ስለ ነሣው፣ ቸነፈርና ድርቅ ከዚያም የጥፋት ውኃ ይላክበታል። በዘፍጥረት ምክንያቱ በምድር ላይ የበዛው ግፍ ነው። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ እስከ እኛ ዘመን በደረሰው በመጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ፣ ትጉሃን የተባሉት መላእክት ከሰማይ ወርደው የጦር መሣሪያ መሥራትን እንዳስተማሩ፣ ልጆቻቸው የሆኑት ግዙፋንም የሰውን ልጅ ድካም እንደ በሉ ይተረካል። እዚህ ላይ ውኃው ምድርን ከግፍ የሚያጥብ ሆኖ ይታያል። ጀምስ ብሩስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ወስዷል፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽም በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። በመሆኑም የአገራችን ሊቃውንት ገልብጠው ያቆዩት መጽሐፍ ለዚህ ጥናት ዋነኛ ምንጭ ነው።

በቅዱስ ቁርኣንም የነቢዩ ኑሕ ታሪክ ይገኛል፤ መርከቡ በጁዲ ተራራ ላይ ያርፋል። ከዚህ ትረካ የማይረሳው፣ ተራራ ያድነኛል ብሎ ከአባቱ መርከብ ለመግባት እንቢ ያለው ልጅ ነው። ዝምድና ብቻውን እንደማያድን የሚያስተምር ምሳሌ ነው።

ውኃና ምድር

የምልክቶች ትርጉም ከተገኙበት ምድር ጋር የተያያዘ ነው። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚሞሉት በጸደይ ወራት፣ በሰሜን ተራሮች ያለው በረዶ ሲቀልጥና አዝመራው ለመታጨድ በተቃረበ ጊዜ ነበር። ለዚያ ገበሬ ሙላት ድንገተኛ አጥፊ ነው። የዓባይ ሙላት ግን ከኢትዮጵያ ደጋዎች የክረምት ዝናም የሚመነጭ በመሆኑ፣ የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 እስከ ተጠናቀቀበት ጊዜ ድረስ በየዓመቱ ወቅቱን ጠብቆ ወደ ግብፅ ይደርስ ነበር፤ የሚመጣውም ከዘር በፊት ለም አፈር ይዞ ነው። ከዚህ የተነሣ በጥንታዊት ግብፅ ትረካ ከመጀመሪያው ውኃ ከኑን ጉብታ ብቅ ሲል ዓለም ትጀምራለች። ስለ ሰው ልጅ ጥፋት በሚናገረው ታሪካቸውም፣ የፀሐይ አምላክ የላካት አጥፊ አምላክት የምትገታው በቀይ ቀለም የተበጠበጠ ጠላ በእርሻው ላይ ሲፈስስና እርሱን ጠጥታ ስትሰክር ነው። እዚህ እርሻውን ያጥለቀለቀው ፈሳሽ አዳኝ ሆኗል።

በቻይና ትረካ ደግሞ መርከብ የለም። ጉን የተባለው ሰው ውኃውን በግድብ ሊያግደው ሞክሮ ሳይሳካለት ይቀራል፤ ልጁ ዩ ግን ቦይ እየቆፈረ ወደ ባሕር ይመራዋል። በዚህ ሥራ 13 ዓመት ሲደክም በቤቱ ደጃፍ ቢያልፍም እንዳልገባ ይነገርለታል። መዳን በድካምና በሥርዓት መጣ ማለት ነው። በህንድ ትረካ ማኑ ከትልልቅ ዓሦች የጠበቃት ትንሽ ዓሣ አድጋ፣ መርከቡን በቀንዷ አስራ ታድነዋለች።

የአፈሩ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1929 ሊዮናርድ ውሊ በዑር ከተማ ባካሄደው ቁፋሮ ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ንጹሕ ደለል አግኝቶ፣ የጥፋት ውኃ ማስረጃ ነው ብሎ ነበር። ሆኖም በኪሽና በሹሩፓክ የተገኙት ደለሎች የሌላ ዘመን መሆናቸው ሲረጋገጥ፣ ልዩ ልዩ ሙላቶች በየስፍራው እንደ ደረሱ ታወቀ። አፈሩ የሚመሰክረው ሕዝቡ ሙላትን በሚገባ ያውቅ እንደ ነበር ነው፤ ከትረካው የሚወሰደውን ትርጉም ግን አፈር ሊነግረን አይችልም።

ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች

ከዚህ በላይ ከተገለጠው በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ የቃል ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ «ተረት» የሚለው ቃል ሐሰትን ወይም የልጆች ጨዋታን ስለሚያመለክት፣ በክፍል ውስጥ «ቅዱስ ትረካ» ማለት ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያነጻጽሩ ሰንጠረዥ ይዘጋጅላቸው። ጥፋቱን ማን ላከው? ስለ ምን? ማን ዳነ? በምን ዳነ? ከዚያ በኋላ ምን ቃል ወይም ምልክት ተሰጠ? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። የጂኦግራፊ መምህሩም ስለ ወንዞቹ በማስረዳት ቢተባበር ትምህርቱ ይጠናከራል።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ሦስት ጉዳዮችን ይለይ፤ ጽሑፉ ምን ይላል፣ የቁፋሮ ማስረጃ ምን ያሳያል፣ ምእመኑ ምን ያምናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የክፍሉ ሥራ ናቸው፤ ሦስተኛው በአክብሮት ለተማሪው፣ ለቤተሰቡና ለአምልኮው ስፍራ የሚተው ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለዚህ ርእስ በቂ ክፍለ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል፤ በጥድፊያ የሚሰጥ መልስ ምን እንደሚያስከትል በመግቢያው ላይ ታይቷል።

ያቺ ተማሪ ዛሬ ብትጠይቅ መልሱ እንዲህ በሆነ ነበር፦ ትረካዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ የዘፍጥረት ጸሐፊ የኖረው ይህ ታሪክ በሰፊው በሚነገርበት ዓለም ነው። ነገር ግን ስለ እንቅልፍ መጓደል የተነገረው ስለ ግፍ ሲነገር፣ «ተቀዳ» የሚለው ቃል ነገሩን አይገልጠውም። የቀረውን ሁለቱን ጽሑፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ አንብቢና ነገ ለክፍሉ ንገሪን።