አምልኮና ስንቅ

ይህ ጽሑፍ አስቀድሞ በሬዲዮ የተሰበከ ነው። ካዳመጣችሁት መካከል «በእጃችን ይግባልን፣ ለጎረቤትም እንስጠው» ያላችሁን ሰምተን፣ ጥቂት አርመን በዚህች ትራክት አቅርበነዋል።

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። እሑድ ከጸሎት ቤት ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ፣ ያልመጣ ሰው «የዛሬው አምልኮ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? አብዛኞቻችን መልሳችን ይታወቃል። «ዘማሪው ዛሬ ለየት ያለ ነበር»፣ «ድምፅ ማጉያው አስቸገረን»፣ «ሕዝቡ ሞልቶ ውጭ ቆመ» እንላለን። ክፉ መልስ አይደለም። ነገር ግን ስለ መድረኩ ብቻ የሚናገር መልስ ነው። «አጠገቤ ማን ነበረ? ማን ቀረ? የቀረውስ ለምን ቀረ?» ለሚለው መልስ አለን ወይ?

ዛሬ በገዛ አገራችን፣ መድረክ ያልነበራቸውን ሰዎች ታሪክ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። ለተረት አይደለም። እኛን ይመለከተናል።

አርባ ስምንት ሰዎች

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ። አሳባቸው ጅማ መድረስ ነበር። ጌታ ግን መንገዳቸውን ወደ ሌላ አዞረውና ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና የተባለው ስፍራ ሆነ። የወላይታ ሕዝብ ከዚያ በፊት ምንም አልሰማም ማለት አይደለም። እነርሱ ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ምድር ተነሥቶ፣ ሕዝቡ ለክፉ መናፍስት መገበሩን ትቶ ፈጣሪውን «ጦሳ»ን ብቻ እንዲለምን ሰብኮ ነበር። እግዚአብሔር መልእክተኞቹን ከመላኩ በፊት እርሻውን ያለሰልሳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፍሬው ቶሎ አልታየም። ሚስዮናውያኑ በሕክምናና በማስተማር አምስት ዓመት ያህል ከደከሙ በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም. የተጠመቁት የመጀመሪያዎቹ አማኞች አሥር ብቻ ነበሩ። አስቡት፤ አምስት ዓመት ተደክሞ አሥር ሰው! በዛሬው አቆጣጠራችን «ይህ አገልግሎት ፍሬ የለውም፣ ይዘጋ» የሚል አይጠፋም ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ፋሺስት ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ጥሶ ገባ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ አዲስ አበባን ያዘ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ደግሞ የሶዶ ሚስዮናውያን አገሩን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች ቁጥር አርባ ስምንት ነበር። አርባ ስምንት!

እነዚህ ሰዎች ያልነበራቸውን እንቁጠር። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተመረቀ መጋቢ አልነበራቸውም። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ጥቂት የወንጌል ክፍል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ለሌሎቹ ያነባል፣ የሰሙትን በቃላቸው ይይዛሉ። መዝሙራቸው በአገራቸው ወግ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የውጭ ገንዘብ የለም። የሚጠይቁት ሽማግሌ፣ ጽፈው የሚልኩለት ጽሕፈት ቤት የለም። የነበራቸው ጌታ ነው። ከጌታ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው ነበሩ።

የእስር ቤቱ ደጃፍ

ጣሊያኖቹ ይህች ትንሽ ጉባኤ እንድትቀጥል አልፈለጉም። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከእነርሱ መካከል ወንጌላዊ ዋንዳሮ ዳባሮ ይገኙበታል። ጀርባቸው እስኪላጥ ተገርፈዋል፤ ከእስር ሲወጡ ግን ወደዚያው ወደ ስብከታቸው ተመለሱ።

እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከግርፋቱ ይልቅ ሁልጊዜ የሚነካኝ አንድ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ዘመን እስር ቤቱ ለእስረኛ ምግብ አያቀርብም ነበር። ዘመድ ያለው ስንቅ ይመጣለታል፤ ዘመድ የሌለው ይራባል። ስንቅ ማመላለስን ከእናንተ መካከል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማለዳ ተነሥቶ ማብሰል፣ ሩቅ መንገድ መሄድ፣ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ በዘበኛ መሰደብ አለበት።

አማኞቹ ታዲያ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው ይመጡ ነበር። የሥጋ ዘመድ ስለሆኑ አልነበረም፤ በክርስቶስ ወንድም ስለሆኑ ነው። ይሄን በኋላ የጻፉ ሚስዮናውያን እንደሚመሰክሩት፣ የሚመጣው ምግብ ብዙ ከመሆኑ የተነሣ ለማያምኑትም እስረኞች ይተርፍ ነበር። ጠያቂ የሌለው ሌባም፣ በጠብ የታሰረውም፣ ከአማኞቹ ስንቅ በላ። በልቶም ዝም አላለም። «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ዘመዱ ላልሆነ ሰው እንዲህ የሚያደርግ ማን ነው?» ማለት ጀመረ። ወሬው ከእስር ቤት ወጥቶ በየመንደሩ ሄደ። ብዙዎች ጌታን መፈለግ የጀመሩት በዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። ያ ስንቅ አምልኮ ነበር። ያቺ እናት ምግቧን በቅጠል ጠቅልላ ወደ እስር ቤት ስትጓዝ ማንም «አገልጋይ» ብሎ አልጠራትም። ስሟም በታሪክ አልተጻፈም። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ፣ ታስሬ ጠየቃችሁኝ፣ ተርቤ አበላችሁኝ ብሎ የሚያመሰግናቸው እንዲህ ያሉትን ነው።

ሲመለሱ ያገኙት

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጣች። ከሚስዮናውያኑ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ ሲመለሱ፣ «ከአርባ ስምንቱ ስንቶቹ ይተርፉ ይሆን?» ብለው ነበር የሚያስቡት። ያገኙት ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው! ጉባኤዎቹ የራሳቸው ሽማግሌዎች፣ የራሳቸው መዝሙር፣ የራሳቸው ወንጌላውያን ነበሯቸው። ከዚያም ቀጥሎ እነዚያው ጉባኤዎች ከድህነታቸው አዋጥተው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማና ከዚያም አልፈው ወንጌላውያን ላኩ።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። «መከራ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» እያልን እንዲሁ እንናገራለን። መከራ ብቻውን ግን ማንንም አያሳድግም። መከራ የበተናቸው፣ መከራ ያጣላቸውም ብዙ ናቸው። እነዚህን ያሳደጋቸው እግዚአብሔር ነው፤ የተጠቀመበትም ነገር ትሕትናቸውን ነው። እምነት ሲባልም ይህ ነው። ሚስዮናውያኑ መንጋውን ትተው ሲሄዱ፣ መንጋው የእነርሱ ሳይሆን የጌታ መሆኑን ተማሩ። መጋቢ ሆይ፣ ሽማግሌ ሆይ፣ አንተ ባትኖር ጉባኤው የሚቆም ይመስልሃል? ጌታ አርባ ስምንቱን ጠብቋል።

በሹክሹክታ የተዘመረ መዝሙር

ይህ የሩቅ ዘመንና የገጠር ታሪክ ነው እንዳትሉ፣ ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰረው ዓመታት በእስር ቆዩ። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ ዘመን የደረሰባቸውን ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል።

ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው ተሰበሰቡ። አንድ ላይ አይገቡም፤ አንድ በአንድ ነው። ጫማ በር ላይ አይተውም፤ ብዛቱ ያሳብቃል። ቡና ይፈላል፤ ሰው ቢመጣ ቡና ጠጪ ናቸው። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ ጭብጨባ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ ከጉያ ወጥቶ ወደ ጉያ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ቤት «ታዋቂ አገልጋይ» የሚባል የለም። የቤት እመቤቷም ታስተምራለች፣ ተማሪውም ይጸልያል። አንድ ሰው ቢቀር ደግሞ ወዲያው ይታወቃል፤ ከሰባት ሰው አንዱ ሲጎድል እንዴት አይታወቅ?

ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 የሚጠጉ ይዛ ወጣች። ለጌታ ክብር ይሁን!

ያቺ ወረቀት

አሁን ስለ ሌላ ሰው መናገር ትቼ ስለ ራሴ ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንዲት አጥቢያ፣ ስሟን አልጠራም፣ የምሥረታ በዓሏን ታከብር ነበር። እኔ በዝግጅት ኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። ከፊት ባሉት ሦስት ረድፍ ወንበሮች ላይ «ለክብር እንግዶች» የሚል ወረቀት ለጠፍን። የጻፍሁትም የለጠፍሁትም እኔ ነኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ማልደው መጥተው ከፊት ተቀመጡ፤ ጆሯቸው ደክሟል። ቀርቤ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ቦታ ተይዟል» አልኋቸው። «እሺ ልጄ፣ ተባረክ» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ተቀመጡ።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። የአጥቢያዋ ታሪክ ሲነበብ፣ በደርግ ዘመን ጸሎቱ የተጀመረው በአንድ ወንድም ቤት እንደነበረ፣ እርሳቸውም በዚሁ ምክንያት እንደታሰሩ ተነገረ። ስማቸው ተጠራ። ሕዝቡ እየዞረ ፈለጋቸው። እኔ የት እንዳሉ አውቅ ነበር።

በኋላ ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና፣ «ምን ሆንህ ልጄ? ያኔ እኮ ወንበርም አልነበረንም» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም ስለ አንዲት አሮጊት እህት ጠየቁኝ። «ዛሬ አላየኋትም፣ ታማ ይሆን?» እኔ እንኳን መቅረቷን፣ መኖሯንም አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳስተናግድ ውዬ የጎደለውን ሰው አላየሁም። እርሳቸው ከምሰሶ ጀርባ ተቀምጠው አዩ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትሕትና ስሰብክ እጠነቀቃለሁ። ትሕትና አንገት መስበርና ድምፅ ማለስለስ ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ቀን ትሑት ነበርሁ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብያለሁና። ጌታችን ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ለደንብ አይደለም። እግራቸው አቧራ ነበረበት። የሚያጥብ ሰው ግን አልነበረም። ትሕትና የጎደለውን አይቶ ዝቅ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ማማር አያስፈልግም፣ ዜማ አያስፈልግም አልልም። ዛሬ ጮክ ብለን መዘመራችን የብዙዎች እንባ መልስ ነው፤ እናመስግንበት። ነገር ግን በየአጥቢያችን ስለ ማይክ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ሥልጣን የምንጣላ ከሆነ፣ በሹክሹክታ የዘመሩት በምን ይበልጡን እንደነበረ እንጠይቅ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። እሑድ ጸሎት ቤት ስትገቡ፣ ከመዝሙሩ በፊት ዞር ብላችሁ ማን እንደቀረ እዩ። ማታ ወደዚያ ሰው ቤት ሂዱ። ታሞ ከሆነ ጠይቁት፣ ተቀይሞ ከሆነ ይቅርታ በሉት፣ ቸግሮት ከሆነ ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ በእረፍት ቀንሽ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከሦስትና ከአራት እህቶች ጋር የምትጸልዪ ከሆነ፣ ቁጥራችሁ አያሳፍርሽ። አርባ ስምንቱን አስቢ። መውጣት ለተከለከለችው እህትሽም ደውዪላት፤ ስንቋ ድምፅሽ ነው።

ጌታን ገና ያላወቅህ ወንድሜ፣ ይህች ትራክት በእጅህ የገባችው በአጋጣሚ አይደለም። እነዚያ እስረኞች የማያውቁት ሰው ስንቅ ሲያበላቸው፣ ላኪው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አንተም ጠይቅ። ላኪው ለአንተ ራሱን አዋርዶ እስከ መስቀል የወረደው ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። ባለህበት ሆነህ በእምነት ጥራው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በፊት ወንበር ተቀምጠን የጎደለውን ሰው ያላየንበትን ይቅር በለን። ያለ መድረክ ያገለገሉህን አባቶችና እናቶች አንተ አትረሳቸውም፤ እኛም እንዳንረሳቸው እርዳን። አምልኳችን ከጸሎት ቤቱ በር ወጥቶ ወደተራበው፣ ወደታሰረው፣ ወደቀረው ይድረስ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።