ስለ ፍቅረ እግዚአብሔርና ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን

ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር አስቀድሞ ሰውን እንደ ወደደ ያስተምራል። አስቀድሞ ማለቱ ሰው ገና በጠላትነት ሳለ ሲል ነው። አንድም ሰው ከእርሱ ተምሮ፥ የበደለውን ሰው ካሣ ሳይጠብቅ እንዲወድ ሲል ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ በኢትዮጵያ አለ።

በአራተኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፥ ሁለቱን ብላቴኖች፥ አስከትሎ በባሕር ተጓዘ። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ሽተው ከወደብ ቢጠጉ፥ የዚያ አገር ሰዎች ከሮም ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ ያለውን ሰው ገደሉ። ብላቴኖቹ ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኙ፤ ታዝኖላቸውም ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን ጸሓፊና መዝገብ ጠባቂ አደረጋቸው። ሊሞት ሲል ነፃ ቢለቃቸው፥ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቈዩ። ፍሬምናጦስም በዚያ ዘመን ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲያበጁ ረዳቸው።

ልጁ ባደገ ጊዜ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ወደ ዘመዶቹ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክ ሊቀ ጳጳሳቱን አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ለዚህ ሥራ ከለማኙ የተሻለ እንደማይገኝ አይቶ እርሱን ራሱን ሾሞ ሰደደው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ፍሬምናጦስ እረኛ የለመነው የባልንጀሮቹ ደም ለፈሰሰበት አገር ነው። ቂም ቢይዝ ምክንያት ነበረው፤ አገሩ ቢገባም የሚነቅፈው አልነበረም። የንጉሡንም ውለታ በአገልግሎቱ ዘመን ከፍሎ ጨርሶ ነበር። እንግዲህ የመለሰው ዕዳ አይደለም፤ አስቀድማ የምትወድ ፍቅር ናት እንጂ።

ኤዴስዮስም አይነቀፍም። በጢሮስ ቅስና ተሾመ፤ ታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስ ይህን ነገር ሰምቶ የጻፈው ከእርሱ አፍ ነው። ፍቅር አንዱን ትልካለች፥ ሌላውን ለምስክርነት ታስቀምጣለች።

የዚያም መላክ ፍሬ በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ይታያል፤ ቀድሞ የጨረቃ ምልክት በነበረበት ኋላ መስቀል ተቀረጸበት።

ሰው የተፈጠረው ስሙን ለመቀደስ ክብሩን ለመውረስ ነው ሲሉ መምህራን ያስተምራሉ። ስሙን መቀደስ ግን በማሕሌት ብቻ አይፈጸምም። ካህንም ሆነ ባለ ሥልጣን፥ መሄድ ሲችል ለበደሉት ወገኖች ቢመለስ፥ የተፈጠረበትን ነገር ያን ጊዜ አገኘ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።