በጅግጅጋ መንገድ የተሻገሩ ድምፆች



ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደው መንገድ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ሩዝ፣ ፓስታና ኮንትሮባንድ ነው። በዚሁ አቅጣጫ ግን አስቀድሞ ዒልም፣ ከዚያም ግጥምና ቲያትር ተመላልሰዋል። የዘፈንን ሑክም ዛሬ አናነሳም፤ እሱን ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። የምናወጋው ታሪኩን ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐርጌሳ ከተማ የሆነችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሸይኽ መዳር የቃዲሪያ ጀማዓ ዙሪያ ነው። ሸይኽ መዳር ደግሞ ቂርኣታቸውን ያደረጉት ሐረር ነው። እንግዲህ ሐርጌሳ የሐረር ደረሳ ያቀናት ከተማ ናት ብንል አልተሳሳትንም።

በ1940ዎቹ ከወደ ቦረማ ዐብዲ ሲኒሞ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ተነሳ። እንደሚተረከው መኪናው በዘይላና በቦረማ መካከል ተበላሽቶበት በረሃ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው አጭሩን የፍቅር ግጥም ያወጣው። የግጥሙ ስም «በልዎ» ነው። መድረሳ የገባ ሰው ቃሉን አያጣውም፤ ከዐረብኛው «በልዋ» የመጣ ነው፣ መከራ ማለት ነው። ሸይኾቹም እውነትም መከራ ነው ብለው ተቃወሙት። ወጣቱ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ፣ ጣሳ እየመታ የሚያመሽበት ነገር ነበርና ተቃውሟቸውን ኋላ ቀርነት ነው ብለን አናልፈውም። ቢሆንም በሾፌሮች አፍ የሚጓዝን ግጥም ማን ያስቆመዋል? በኋላ ዐደን ያደገው ዐብዱላሂ ቀርሼ ዑዱን ጨመረበት።

በኖቬምበር 1954 እንግሊዝ ሃውድን ለኢትዮጵያ ለማስረከብ ስትስማማ ሐርጌሳ በቁጣ ተነሳች፤ ሃውድ የከብቶቿ ግጦሽ ነበርና። የፍቅሩ ግጥም የፖለቲካ ልሳን ሆነ። «ወላሎ ሐርጌሳ»፣ ማለትም የሐርጌሳ ወንድማማቾች፣ የተባለው ቡድንም በዚያው ሰሞን መድረክ ላይ ወጣ። ሶማልኛው ቲያትርን «ሪዋያድ» ይለዋል። ይህ የሐዲስ ተማሪ «ሪዋያ» የሚለው፣ ቃልን ከሰው ሰምቶ ለሰው ማድረስ የሆነው፣ ያው ቃል ነው። ገጠመኝ ይሁን አይሁን፣ በ1943 የተጀመረው ራዲዮ ሐርጌሳ፣ ከዚያም ካሴት፣ ሥራቸው ይኸው ነበር።

ምልልሱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነበር። ራዲዮ ሞቃዲሾ በአማርኛም ያሰራጭ ነበር። ድሬዳዋ የተወለደው ዐሊ ቢራ ከኦሮምኛና ከሐረሪ ሌላ በሶማልኛም አንጎራጉሯል። የ1977ቱ ጦርነት ሁለቱን አገሮች ደም አቃባ፤ ያኔም ቢሆን ሰው አልቆመም። ለአምስት ዓመት የታሰረው ታላቁ ባለቅኔ ሐድራዊ ከተፈታ በኋላ፣ በ1982፣ ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩት የዚያድ ባሬ ተቃዋሚዎች ጋር ተቀላቀለ።

በኤፕሪል 1988 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ታረቁ። ተቃዋሚዎቹ መጠጊያ እናጣለን ብለው በሜይ መጨረሻ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቁ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው አየር ማረፊያ እየተነሱ ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቧት። ሱብሓነላህ! የገዛ አገሩን ከተማ! በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደኛ ጎረፈ። ጅግጅጋ አጠገብ ያለው ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው።

የራዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ቴፖቹ እንዳይጠፉ ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀበሩ፤ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ቤተሰቡን ይዞ መሸሽ ላቃተው ሰው ቴፕ ማትረፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አናየውም፤ ታሪኩ በቃል እንጂ በወረቀት ላልተያዘ ሕዝብ ያ ቴፕ መዝገቡ ነው። ዛሬ ሐርጌሳ ውስጥ ሬድ ሲ የተባለው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶችና ቴፖች ሰብስቦ ይዟል። በ2017 ከእነዚያ ዘፈኖች የተወሰኑት በአልበም ታትመው ለግራሚ ሽልማት ታጭተዋል።

እናንተስ ቤት? ጅግጅጋም ሆነ ቶጎ ውጫሌ፣ የአባቶቻችን ሳጥን ውስጥ ካሴት አይጠፋም፤ ግጥም፣ ቀሲዳ፣ የሸይኽ ደርስ፣ ከስደት የተላከ የድምፅ ደብዳቤ። እርጥበትና ሙቀት ቴፕ ይበላል። ሽፋኑ ላይ ስም ከሌለ ደግሞ አዛውንቶቹ ሲያልፉ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ዛሬ ማታ አንዱን አውጥታችሁ አያታችሁ ዘንድ ቅረቡ። ማን አለው? ከማን ሰማው? በየት፣ በስንት ዓመተ ምህረት? መልሱን እዚያው ካሴቱ ላይ ጻፉበት።