ከአሳል ጨው እስከ ጉቤት ነፋስ፦ አደጋውን ማን ተሸከመ?

ሀገር ቤት የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ እዚህ ካርቲየ 1 ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። መብራት ከጠፋ የሱቁ ማቀዝቀዣ ይቆማል፣ ቤት ውስጥም ሕፃን አይተኛም። ከመካከላችን ብዙዎች ስለ ሶላርና ባትሪ ንግድ ማሰብ መጀመራቸው አይገርምም። ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ግን ንጹሕ ኃይል ይዘው ወደዚህ አገር የገቡት ምን እንደገጠማቸው ብናውቅ ይጠቅመናል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሳል ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው ይህ ሥፍራ የአፋር ግመሎች ለዘመናት ጨው እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ የተጓዙበት ነው። ከጨው ሌላ ደግሞ ከመሬቱ ሥር እሳት አለ። በ1975 ሁለት ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በ1987 እና 1988 ሌሎች አራት ተጨመሩ። ሙቀቱ ከ250 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን የሚወጣው ውኃ ከባሕር ውኃ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨዋማ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ደለል እየሠራ ይደፍነዋል። ሀብቱ ነበረ፤ ወጪውንና ኪሳራውን ችሎ የሚገፋበት ግን ጠፋ።

በ2007 ሬይክያቪክ ኢነርጂ ኢንቨስት የተባለ የአይስላንድ ኩባንያ ከጅቡቲ መንግሥት ጋር ተስማምቶ ጥናት ጀመረ። የእንፋሎት ኃይልን ከአይስላንዶች በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ2008 ግን የዓለም የገንዘብ ቀውስ የአይስላንድን ባንኮች ጣላቸው፤ ቁፋሮውም ሳይጀመር ቀረ። ሥራውን ያቆመው የአሳል መሬት ሳይሆን የራሱ የገንዘብ ምንጭ መድረቅ ነበር።

ከዚያ በ2011 ሌላ ሻጭ መጣ፤ ኢትዮጵያ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ተዘርግቶ የግድቦቻችንን ኃይል ወደዚህ ማምጣት ጀመረ። ይህ ለምን ተሳካ? ገዥው አስቀድሞ ስለነበረ ነው። የጅቡቲ መብራት ኃይል፣ በፈረንሳይኛ ምሕጻሩ ኢዲዲ፣ በቡላኦስ ጣቢያው ከውጭ የሚገባ ነዳጅ እያቃጠለ ነበር፤ የግድቡ ኃይል ረከሰለት። ኢትዮጵያም የውጭ ምንዛሪ አገኘች። ሆኖም ከተማዋ በአንድ ረጅም ሽቦ ላይ ስትንጠለጠል፣ ሽቦው በተቋረጠ ቁጥር ጨለማው እኛም ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ጅቡቲ የራሷን ምንጭ መፈለጓን አልተወችም።

መስከረም 2023 የጉቤት ነፋስ ጣቢያ ተመረቀ፤ 17 ተርባይኖች፣ 60 ሜጋ ዋት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ባለሀብቶቹ ብዙ ናቸው፣ ከእነርሱም አንዱ የጅቡቲ መንግሥት የራሱ ድርጅት ነው። ኢዲዲ ኃይሉን ለረጅም ዘመን ሊገዛ ፈርሟል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ሚጋ ደግሞ የፖለቲካ አደጋውን ዋስትና ሰጥቷል። አሳል ላይ በአንድ ትከሻ የነበረው ሸክም እዚህ ለብዙዎች ተከፋፈለ።

የኬንያው ኬንጄን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። በ2021 ጅቡቲ የገባው ኃይል ሊሸጥ ሳይሆን በክፍያ ጉድጓድ ሊቆፍር ነው። እንፋሎት ቢገኝም ባይገኝም የሚጠብቀው የቁፋሮውን ዋጋ ነው።

ገንዘቡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። እዚህ በፍራንክ የሸጠ ነገ ስንት ዶላር እንደሚያገኝ ያውቃል። ድንበሩን ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል። አክዋ ፓወር የተባለው የሳዑዲ ኩባንያ በ2019 በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ ላይ 250 ሜጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ለመሥራት አሸነፈ፤ ጣቢያዎቹ ግን አልተሠሩም። ብርን ወደ ዶላር የመለወጥ ጥያቄ ከዋናዎቹ እንቅፋቶች አንዱ ነበር። በሌላ በኩል የጅቡቲ ገበያ ጠባብ ነው፤ ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ለባለ ሱቅ ምን ይነግረዋል? ፀሐይ ስለበዛ ብቻ የሶላር ገበያ አለ ማለት አይደለም። ፓኔል ሲግል የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ባትሪ በሙቀት ዕድሜው ያጥራል፤ የባሕሩ ጨው ብረቱን ይበላል። ዕቃው በሁለተኛው ዓመት ሲበላሽ ደንበኛው የሚመጣው አምራቹ ጋ ሳይሆን እኛ ሱቅ ነው። እንግዲህ ኮንቴይነር ከማዘዛችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ገዥው ማነው? በምን ገንዘብ ይከፍላል? ሲበላሽ ማን ይተካል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ «እኔ» ከሆነ፣ ያንን ወጪ ከወዲሁ ዋጋው ውስጥ እናስገባው፤ አለዚያም እንደ ኬንጄን ዕቃውን ሌላው ያስመጣ፣ እኛ የተከላና የጥገና ሥራውን እንሽጥ።